ሙት ሳይነሳ አይጨበጨብም

ሟቹ አልነሳም።

ሰላሳ የሚሆኑ ሰዎች ከየቤታቸው ተሸክመው ባመጡት ወንበር ላይ ተቀምጠው እስኪነሳ ይጠብቃሉ። መድረኩ በድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ አሮጌ የቡና መጋዘን የተደረደሩ ሳንቃዎች ናቸው። ሳንቃዎቹ ላይ፣ በማሾ ፋኖሱ ብርሃን ሥር፣ የሱልጣን ካባ የለበሰ ሰው በጎኑ ወድቋል። ከራስጌው የአሽከር ልብስ የለበሰው ገዳዩ ስኒ ይዞ ቆሟል።

መቶ አለቃ ልሳነወርቅ ለክብር እንግዳ በተሰጠው ባለ ክንድ ወንበር ላይ፣ ከፊት ነበር። ጨዋታው እንዳለቀ ገብቶታል፤ ሰው ለምን እንደማያጨበጭብ ግን አልገባውም። ዞር ሲል አጠገቡ የተቀመጠችው አስተማሪ መሪያም በሹክሹክታ አስረዳችው።

«የሐሙስ ማኅበር ሕግ ነው። ሙት ሳይነሳ አይጨበጨብም። ሟቹ ደስ እስኪለው ይተኛል። ሲነሳ ገዳዩ የስኒውን ትራፊ ይጠጣና ይተቃቀፋሉ። ጨዋታ ነው፣ ቂም የለም ለማለት።»

«ደስ እስኪለው?»

«ይሄ ዐብዱላሂ አንድ ጊዜ ሰው ወንበሩን ተሸክሞ ሊሄድ እስኪነሳ ተኝቷል። ድሬ ውስጥ እንደሱ አሳምሮ የሚሞት የለም።»

ከኋላ አንዱ ጮኸ፤ «ዛሬ ርቦታል! ሦስት ተረት ተርቶ መሞት ሲገባው ሦስተኛውን ሳይጨርስ ሞተ!»

ሳቅ ሆነ። የሱልጣኑ እግር ሳንቃውን ደጋግሞ መታ፤ ወገቡ እንደ ቀስት ተለጠጠ። «አቦ! አቦ!» እያሉ አደነቁ። አንዲት ሴት ልትነሳ ስትል «ተዉት!» የሚል ድምፅ ተሰማና ቁጭ አለች። ከዚያ እግሩ ዝም አለ። ሰውም ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ፤ ረዝሞም አማረ።

በመጨረሻ ገዳዩ ስኒውን መሬት ላይ አስቀምጦ ተንበረከከ። በአሽከር ልብሱ እጅጌ የሟቹን አፍ ጠረገ። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ያ ጀመዓ፣» አለ፣ ድምፁ የመድረክ ድምፅ አልነበረም። «ይሄ ሰው እውነቱን ነው።»

የዚያን ጊዜም ቢሆን አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ።

*

«እንግሊዙ፣ መጣህ?» አለ ሻለቃ ወንዳፍራሽ በማግስቱ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ። ከራሱ በላይ የጃንሆይ ሥዕል፣ ከፊቱ አንድ ብርጭቆ ሻይ ነበር።

ልሳነወርቅ ቅጽል ስሙን ለምዶታል። በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ፣ ጢሙን እዚያ አብቅሎ የተመለሰ ሰው ነው። በአማርኛ ሲናገር ሰዎች ትንሽ ይጠብቁታል፤ ዓረፍተ ነገሩን በሰላም ያወጣው እንደሆነ ለማየት።

«ከስኒው የተረፈውን ሐኪም ቤት ለውሻ ሰጡት፤ ውሻው ሞተ፣» አለ ሻለቃው። «የጅብ መርዝ ነው። ስኒውን ያቀበለው ማን ነው? ሾፌሩ ዲሪዬ። አምና የዲሪዬ ጭነት መኪና ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ የማንን ልጅ ገደለ? የዐብዱላሂን የእህት ልጅ። በመካከላቸው ደም አለ። በቃ።»

«ታርቀዋል ጌታዬ።»

«ቢታረቁስ? የታረቀ ሰው አይደል ስኒ የሚያቀብልህ?»

«ባለ ደሙ የልጁ ወገን ነው። ይበቀላል ከተባለ ዐብዱላሂ ዲሪዬን በገደለ። እዚህ ግን የሞተው ባለ ደሙ፣ የታሰረው ደግሞ ደመኛው ነው። ተገልብጧል።»

«ፈርቶ ቀደመዋ!» ሻለቃው ሻዩን ጠጣ። «ከቀትር በኋላ የሐረር መኪና ይመጣል። ዲሪዬ ተጭኖ ይሄዳል። በመርዝ ገድሎ ሐረር የገባ ሰው በእግሩ ሲመለስ አላየሁም። እስከዚያ የምትጠይቀውን ጠይቅ። አንተም እዚያው ነበርክ አሉ፤ ፊት ለፊት ቁጭ ብለህ። ምን አየህ?»

ልሳነወርቅ አሰበ። ከትናንት ጀምሮ የሚፈልገው ድንጋጤ እስካሁን አልመጣለትም።

«ቴአትር፣» አለ።

*

ዲሪዬ እስር ክፍሉ ውስጥ አሁንም የአሽከር ልብሱን እንደለበሰ ነው። እጅጌው ላይ የደረቀ አረፋ አለ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠለትን ውሃ አልነካም።

«ለምን አትጠጣም?»

«ዛሬ ከሰው እጅ አልጠጣም። ነገ እንጃ።»

ሃምሳ አለቃ ዩያ በሩን ተደግፎ ቆሟል። የመልካ ጀብዱ ልጅ ነው፤ የከተማውን ቋንቋ ሁሉ ይችላል፣ በሁሉም ይቀልዳል። ዛሬ አልቀለደም።

«ስኒውን ማን ሞላው?» አለ ልሳነወርቅ።

«ሃዎ፣ የመጋዘኑ ጎረቤት። የሷን ሆጃ፣ በወተት የፈላውን የቡና ገለባ፣ ሁላችንም ጠጥተናል፤ ከአንድ ጀበና። አንዱ ስኒ ተቀድቶ ከመጋረጃው ጀርባ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።»

«በመደርደሪያው በኩል ማን አለፈ?»

«ማን ያላለፈ አለ? ልብስ የሚቀይር፣ ጫማ የጠፋበት፣ ሆጃ ያነሰው።»

«ከዐብዱላሂ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

ዲሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ዋርያ፣ ዐብዱላሂ እኮ እጄን ይዞ ነው እህቱ ቤት ያስገባኝ። ልጁ ጭነት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፍሬኑ እንቢ አለኝ። ያን ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ዱዓ አስደርጎ፣ ወደ ሰው መለሰኝ። ወደ ማኅበሩም የመለሰኝ እሱ ነው። የገዳይ ሚና ሲሰጠኝ ሰው አጉረመረመ። እሱ ሳቀ፤ ‹እኔን ግደለኝና ሁሉም ይለፍለት› አለ።»

«እህቱስ ታረቀችህ?»

«ዑግባድ?» ዲሪዬ ውሃውን አየ። «አሚን ያሉት ወንዶቹ ናቸው። እሷን የጠየቃት የለም። ዝም አለች። ዝምታ ደግሞ እኛ ዘንድ እሺ ነው።»

ሊወጡ ሲሉ ከኋላቸው ተናገረ። «አምና በመኪና፣ ዘንድሮ በስኒ። እንዲህ አይደል የሚሉት? ጨዋታውን እንኳ አልጨረስኩትም። ቀጥሎ የምጠጣው እኔ ነበርኩ።»

ልሳነወርቅ ሰማው። የጸጸት ንግግር መስሎት አለፈው።

*

ልሳነወርቅ ጠዋቱን ሙሉ ያሳደደው አንድ ድምፅ ነበር፤ «ተዉት» ያለው። ሰው እንዳይነሳና እንዳይረዳ የፈለገ ሰው ገዳዩ ነው ብሎ አሰበ። እንዲህ ያለ ነገር በተማረባቸው መጻሕፍት ውስጥ ሁሌ ይሠራል።

ሃዎ ድምፁን የሰማችው በሶማልኛ ነው፤ የወንድ ድምፅ ነው ብላ ማለች። አንድ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ በአማርኛ ነው፣ ያውም የሴት ነው አለ። ጸጥታ ሊያስከብር በር ላይ ቆሞ የነበረው ዩያ ራሱ የሰማው በኦሮምኛ ነው።

«አንዳችሁ ትዋሻላችሁ፣» አለ ልሳነወርቅ።

«ማንም አልዋሸም ጌታዬ፣» አለ ዩያ እየተከዘ። «ሁላችንም ነን ያልነው። እኔም ብያለሁ። ጥሩ ሙት ሲሞት እንዳይረበሽ እንላለን።»

ልሳነወርቅ በየትኛውም ቋንቋ ምንም እንዳላለ አስታወሰ። አላጽናናውም።

መሪያምን በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከኒም ዛፍ ሥር አገኟት። ዓይኗ አብጧል። ድምፁን ስትጠየቅ ራሷን ነቀነቀች።

«አላስታውስም። እኔ ሳወራ ነበር። ሁሌ አወራለሁ። ለእርስዎ አወራለሁ፣ ለአደ ዑግባድ አወራለሁ…»

«የዐብዱላሂ እህት ከአጠገብሽ ነበረች?»

«በስተግራዬ። የማኅበሩን ልብስ የምታለብሰው እሷ ናት፤ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ቤት አላት። መጀመሪያው አመለጣት። አዛን ሲል ሃዎ ቤት ልትሰግድ ሄዳ፣ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው የተመለሰችው። ‹ጠጣው?› አለችኝ። ‹ጠጥቶ ተረቱን እያወራ ነው› ብዬ ሳቅኩ።» መሪያም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «ወንድሟ እየሞተ እኔ ስስቅ።»

«እሷስ?»

«ቁጭ አለች። እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀችም። ምስኪን።»

*

መጋላ ውስጥ የጨርቅ ቤቶቹ ለሐዘኑ ተዘግተዋል። ልብስ ሰፊው ሙመድ ግን ሲንጀሩን እየረገጠ ነበር።

«ለከፈን አይደለም፣ አትደንግጥ፣» አለው ልሳነወርቅን። በድሬ አንቱታ ብርቅ ነው፤ ለሹምም ቢሆን። «ሥራ ካቆምኩ አለቅሳለሁ። ግባ። እኔ የከተማው ሁለተኛ ሙት ነበርኩ። ዐብዱላሂ ሞቶ አንደኛ ሆንኩ ብለህ ነው የመጣኸው?»

«ሆንክ ወይ?»

«ወላሂ ሹመቱን አልፈልገውም። እኔ ስሞት ያስነጥሰኛል። እሱ ግን ዝንብ አፍንጫው ላይ ቢያርፍ አይነቃነቅም።»

«ስኒው አጠገብ ታይተሃል።»

«አሽትቼዋለሁ! የሃዎን ሆጃ የማያሸት አለ? ልጠጣው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። የገዳዩ ባይሆን።»

«የሟቹ ማለትህ ነው።»

«የገዳዩ ነው የምልህ። የዐብዱላሂ ገዳይ መሆን እኮ ዕድል ነው፤ የምንጋፋበት ነው። ሰውዬው ሰኞና ሐሙስ ይጾማል። መድረክ ላይ ከንፈሩን ያስነካል እንጂ ጠብታ አያልፈውም። የሱ ጨዋታ ደግሞ የመጀመሪያው ነው፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ያልቃል። ሲነሳ ስኒው እንደሞላ ነው። ገዳዩ በአንድ ትንፋሽ ግጥም!» ሙመድ በባዶ እጁ ጠጥቶ አሳየ።

ልሳነወርቅ ቀስ ብሎ ጠየቀ፤ «ታዲያ ትናንት ለምን ጠጣ?»

የሲንጀሩ ድምፅ ቆመ። ሙመድ ዩያን አየ፤ ዩያ ውጭውን አየ።

«አርፍደህ መጣህ፣» አለ ሙመድ። «የክብር እንግዳ ሳይመጣ አይጀመርም። አንተን ስንጠብቅ ጀንበር ጠለቀች፣ አዛን አለ። ዐብዱላሂ በአንድ ተምር አፈጠረ፤ እዚያው መጋረጃው ጀርባ ሰግዶ ሳይነሳ ‹እንግዳው ገባ› ተባለ። ‹ጥሜን በስኒው ላይ እወጣበታለሁ› ብሎ እየሳቀ ወጣ።»

ልሳነወርቅ መዳፉን ገበታው ላይ አሳረፈ። እጁ እንደደነዘዘ እግር ነበር፤ የሱ መሆኑን ያውቃል እንጂ አይሰማውም።

ውጭ ሲወጡ ዩያ ነው የተናገረው። «ስለዚህ ስኒው የዲሪዬ ነበር።»

«የዲሪዬ ነበር። እኛ ያሰርነው ሟቹን ነው።»

«የማኅበሩን ሕግ ሰው ሁሉ ያውቃል ጌታዬ። ከሰላሳ ሰው ማንን እንይዛለን?»

«አዛን ሲል መጋዘኑ ውስጥ የነበረ ሰው ቢሆን፣ ዐብዱላሂ ማፍጠሩን አይቶ ስኒውን በደፋው ነበር። በተሳሳተ ሰው ላይ ማን ይጨክናል? መርዙን ያስቀመጠው ሰው ያኔ አልነበረም።» ቆመ። ፀሐዩ አናቱን መታው። «ዩያ፣ ቴአትር ሲያመልጥህ ስትመለስ ምን ብለህ ትጠይቃለህ?»

«‹የት ደረሱ?› እላለሁ።»

«እኔም። ‹ጠጣው?› አልልም።»

*

የዑግባድ ግቢ በሴቶች ተሞልቷል። ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ቀስ ባለ ድምፅ ቁርአን የምትቀራላቸውን ሴት ያዳምጣሉ። ዑግባድ ከግድግዳው ጥግ ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቷ እንደ ታጠበ ሰሌዳ ባዶ። ፖሊሶቹን ስታይ ራሷ ተነስታ ወደ ጓዳው መራቻቸው። ጓዳው ውስጥ የማኅበሩ ልብሶች በገመድ ላይ ተሰቅለዋል፤ የወታደር፣ የሙሽራ፣ የቃዲ። የሱልጣኑ ካባ ቦታ ባዶ ነው።

«እንደምን ዋሉ አደ ዑግባድ። አላህ ያጽናዎት።»

«አሚን።»

«ዲሪዬ ዛሬ ከቀትር በኋላ ወደ ሐረር ይሄዳል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ከሄደ ይሰቀላል።»

«እሱንም ሰምቻለሁ።» በሶማልኛ አንድ ነገር ጨመረች። ዩያ እያመነታ ተረጎመው፤ «‹ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣችሁ› ነው የሚሉት።»

ልሳነወርቅ ማስረጃ የለውም። መደርደሪያውን ማንም ነክቶታል፤ የጅብ መርዝ በረት ያለው ሁሉ ያስቀምጣል። ይቺ ሴት ዝም ካለች፣ ከዓመት በፊት የፈለገችው ነገር ዛሬ በመንግሥት እጅ ይፈጸምላታል። ዝምታዋን ደግሞ እንደለመዱት እሺ ብለው ይወስዱታል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፣» አለ። «ከሶላት ሲመለሱ መሪያምን ለምን ‹ጠጣው?› አሏት?»

ዑግባድ የተንጠለጠለውን የሙሽራ ልብስ እጅጌ ያዘች፤ የተጨማደደውን በጣቷ አስተካከለች። ከግቢው የቁርአኑ ድምፅ ይሰማል።

«ዝም ብል ምን ታደርጋለህ?»

«ምንም። ዲሪዬ ይሄዳል።»

«አንተ ደግ ሰው ነህ ወይስ ሰነፍ?»

«አላውቅም፣» አለ። እውነቱን ነበር።

ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ስትናገር ድምፏ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

«ልጄ አንድ ነበር። አስታረቁኝ። እኔ ቤት ሥጋ ተቀቅሎ፣ እኔ ቤት በሉ፣ እኔን ግን አልጠየቁኝም። ከዚያ በየሐሙሱ ይሄ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ሲገድል፣ ሲጨበጨብለት አያለሁ። ልብሱን የማለብሰው እኔ። ቁልፉን የምቆልፍለት እኔ። ትናንት መርዙን ጨመርኩ። ወንድሜ አይጠጣም፤ ይጾማል። በወንድሜ አልፈራሁም።»

«አዛን ሲልስ?»

«ያኔ ፈራሁ። እንግዳው ገና አልመጣም፤ ሰግጄ ስመለስ እደፋዋለሁ አልኩ። ሃዎ ቤት ገባሁ። ግንባሬን መሬት ሳስነካ ግን ልጄ መጣብኝ። ላሰብኩት ነገር ምሕረት መለመን ጀመርኩ። ሶላቴ ረዘመ። ስመለስ ተረቱን ያወራል። መሪያም ‹ጠጣው› አለችኝ፤ እየሳቀች። እሱ እኮ ሁሌም የጠጣ ይመስላል። ወደቀ፤ ሁሌም ይወድቃል። እግሩ ተንፈራገጠ። ሰው ‹ተዉት› አለ። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ እኔም ደግሞ አላውቅም። ብነሳና ጨዋታ ቢሆን፣ ራሴን ሰጠሁ። ጨዋታ ነው፣ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል እያልኩ…»

ዩያ ፊቱን አዞረ።

«ዲሪዬን ለምን አይተዉትም ታዲያ?» አለ ልሳነወርቅ። «ይሂድና ይሰቀል። ማንም አያውቅም።»

«ሁላችንም ቁጭ ብለን ነበር፣» አለች ዑግባድ። «አንተም። እህቱም። ተንበርክኮ አፉን የጠረገለት እሱ ነው። ጭኑ ላይ ያስተኛው እሱ ነው። ልጄንም ደንገጎ ላይ እንዲሁ አድርጎ እንዳቀፈው ነግረውኝ ነበር። አላመንኩም ነበር።» ተነሳች፤ ሻሿን አጠበቀች። «መኪናውን አስቁም።»

ዩያ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሮጠ።

*

በመጋላው ጠባብ መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ። እጇን አላሰራትም። ሰዎች ሐዘን የደረሰባትን ሴት ፖሊስ ሲሸኛት አዩ፤ «አላህ ያጽናሽ» እያሉ መንገድ ለቀቁላት። ለእያንዳንዱ «አሚን» አለች።

የደቻቱ ወንዝ ድልድይ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ዩያ ከማዶ ታየ። የሐረሩ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆሟል። ከኋላው ተከፍቶ የአሽከር ልብስ የለበሰ ሰው ወረደ። ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ ይመስል እዚያው ፀሐይ ላይ ቆመ። ዩያ ኮዳውን አውጥቶ ሰጠው። ሰውዬው ኮዳውን ይዞ ቆየ። ኋላ ጠጣ።

ዑግባድ እስኪጨርስ አየችው።

ድልድዩ መካከል ስትደርስ ቆመች። «መቶ አለቃ፣ ትናንት ለምን አረፈድክ?»

ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ማንም አልጠየቀውም ነበር። ሥራ ነበረብኝ ለማለት አፉን ከፈተ። ሥራ አልነበረበትም። ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ጊዜው ሳይደርስ ነው የወጣው። ወደ ቴአትሩ ልሂድ ወይስ ወደ ቤቴ ልመለስ፣ ከነዚህ ሰዎች መካከል ምን አደርጋለሁ እያለ…

«እዚህ ቆሜ ነበር፣» አለ። «ድልድዩ ላይ።»

«ምን እያየህ?»

«ምንም። ወንዙን።»

«ወንዙ ደረቅ ነው።»

«አዎ።»

አልተቆጣችም። ክንዷን የድልድዩ ብረት ላይ አሳርፋ ጎንበስ አለች፤ ትናንት እሱን ያቆመውን ነገር የምትፈልግ ይመስል ቁልቁል አየች። አሸዋ ነበር፤ አንድ ፍየል፣ የመኪና ጎማ ዱካ፣ ደግሞ አሸዋ። ልሳነወርቅም ጎንበስ አለ። ከማዶ ሻለቃው ስሙን እየጠራ ነበር፤ ሁለቱም ግን ትንሽ ቆዩ።